ክቡር የሃንታቫይረስ ሚኒስትራችን

በየመሥሪያ ቤቱ የዓለምን ጭንቀት ለብቻው የሚሸከም አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ማንም ባይሾማቸውም «ክቡር ሚኒስትር» እንላቸዋለን፤ ሥልጣናቸው ከአይጥ ወደ ሰው በሚተላለፈው በሃንታቫይረስ ላይ ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው ጠዋት ኮታቸውን ሳያወልቁ ኮምፒውተር ይከፍታሉ። «እንዴት አደሩ?» ስንላቸው የዓለምን አዳር ይነግሩናል፤ የት ስንት ሰው እንደተያዘ፣ የቱ እንደተጠረጠረ፣ የቱ እንደተረጋገጠ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ከኋላቸው በተሰቀለው፣ በሽታው የታየበትን በሚያመለክቱበት የዓለም ካርታ ላይ አዲስ ቀይ ነጥብ አይታ ደነገጠች። ከምሳቸው የተፈናጠቀ ቲማቲም መሆኑን ነግረው አረጋጓት። ለጥንቃቄ ግን ያንን አገር ሳምንት ሙሉ ተከታተሉት።

ሌላ ቀን መደርደሪያ ሥር ጥቋቁር ፍርፋሪ አዩ። የአይጥ ኩስ ነው ብለው ሁላችንንም አስወጡን። ደረቁን ከተጠረገ አቧራው እንደሚነሳ፣ እሱን መሳብ ደግሞ አደገኛ እንደሆነ አስረዱን። መስኮቱን ከፍተው፣ ጭንብልና ጓንት አድርገው፣ በረኪና ረጭተው ራሳቸው ወለወሉት። የጽዳት ሠራተኛዋ ጨርቁን አየት አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የላጲስ ፍርፋሪ ነው» አለቻቸው።

ላጲሱ ከየት እንደመጣ ጠየቋት።

ታዲያ እኔ አንድ ቅዳሜ የአክስቴን ዕቃ ቤት ጠረግኩ። የዚያ ቤት አይጥ ግን እውነተኛ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ቁርጥማት ጣለኝ። አለቃዬ የቁም ሳጥን ቁልፍ የት እንዳኖርኩ በስልክ ጠየቀኝ። ክቡርነታቸው ግን ደውለው ሰሞኑን አይጥ ያለበት ቤት ጠርጌ እንደሆነ ጠየቁኝና በሬ ላይ እስከ ዓይናቸው ተሸፍነው ተከሰቱ።

«ስትጠርግ መስኮት ከፍተህ ነበር?»

አልከፈትኩም ነበር። ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። በዝናብ አራቱንም መስኮት አስከፍተው ክሊኒክ አደረሱኝ።

ሐኪሙ መርምሮ ጉንፋን ነው አለ። ክቡርነታቸው ቅር የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። ጭንብላቸውን አወለቁ።

«አንተን በየጠዋቱ ከምቆጥራቸው ሰዎች ጋር ብቆጥርህ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር?» አሉኝ።

ከዚያ በደረቅ ስለ መጥረጌ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ሲቆጡኝ ሄዱ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጎ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።