ሊቀ ምናልባት ጋሽ ፈጠነ

በየሰፈሩ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። ከሌለ ሰፈሩ ገና ተቆርቁሮ አላለቀም ማለት ነው። የኛ የኮልፌው፣ የግቢያችን ሰው ጋሽ ፈጠነ ናቸው፤ «ሊቀ ምናልባት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

«ጋሽ ፈጠነ፣ ታክሲ አለ?» ሲባሉ ወደ ፌርማታው አሻግረው አይተው፣ «ከመኖሩ አለመኖሩ በትንሹ ያመዝናል» ይላሉ። «ምሳ በሉ?» ሲባሉ፣ «ወደ መብላቱ ተጠግቻለሁ።» አንድ ጊዜ ሽምግልና ተልከው የልጅቷ አባት «ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው?» ቢሏቸው፣ «ከጥሩዎቹ ወገን ሆኖ ጠርዙ አካባቢ ነው» ብለው ሰርጉን አንድ ዓመት አዘገዩት።

እኔ ደግሞ በጋዜጣ በተለበጠ አሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ መጽሐፍ ስብስብ ማለት ክብ ነበር፤ አንድ ነገር ወይ ውስጥ ነው፣ ወይ ውጭ። ያ ክብ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል፤ ነጭ ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጥርት ያለ መስመር። እንዲህ ያለ ሰው ጋሽ ፈጠነን እንዴት ይችላቸዋል?

ባለፈው ጥቅምት እትዬ ዋጋነሽ ለልጃቸው ሰርግ የሚሆን በርበሬ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አሰጡ። ኮምፒውተር የተማረችው ጎረቤታችን ራኬብ ከብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ እየተማረ የሚተነብይ ፕሮግራም ሠርታ ነበርና ስልኳን እንድትጠይቅላቸው ነገሯት። «አይዘንብም» አለ፤ በቃ። እትዬ ዋጋነሽ አምነው ሳንሱሲ ሰፈር እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ሁላችንም በየፊናችን ወጣን። ከምሳ በኋላ ደመናው ከወጨጫ ተራራ ወረደ። የበርበሬው ግማሽ ተበላሸ።

ራኬብ ልታለቅስ ደረሰች። «እርግጠኛ ሆኖ እኮ ነው የነገረኝ!»

«መሳሳቱስ ያለ ነው፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ፈጠነ። «ጥርጣሬውን ግን ለምን ደበቀሽ? ደበቀሽ ስል፣ በአብዛኛው።»

በማግስቱ በርጩማ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ወጨጫን ሲያዩ፣ እኔም በመስኮቴ እነሱን ሳይ አለፈ።

«ይሄኛው ደመና ጥቁር ነው፣ ጋሼ?»

«ጠቆር ያለ። ከአሥር ስድስት እጅ። አራት እጁ ነጭነቱን ገና አልተወም።»

እሷ ትጽፋለች። «ፈዚ ሎጂክ ይባላል። አንዱ ደመና በከፊል ጥቁር፣ በከፊል ነጭ መሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ የራሱን ትንበያ ምን ያህል እንደሚያምነው በቁጥር ይናገራል።»

«ስም አለው እንዴ?» አሉ ጋሽ ፈጠነ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህ ጠባያቸው ስም እንዳለው የነገራቸው አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን የቀረው በርበሬ እርጥበት ይዞ ሌላ አንድ ቀን ቤት ቢያድር ሊሻግት ሆነ። ነገ ካልተፈጨ ሰርጉ ያለ ወጥ ሊቀር ነው።

«እና? ላስጣ ወይስ አላስጣ?» አሉ እትዬ ዋጋነሽ።

ራኬብ ስልኳን አነበበች። «ለመዝነብ ከአሥር አራት። በመልሱ ላይ ያለው እምነት ዝቅተኛ።»

«እሰይ! አንዱ ፈጠነ መቼ አነሰንና በስልክ ሌላ መጣልን!» አሉ እትዬ።

ጋሽ ፈጠነ በርጩማቸውን ሸራው አጠገብ አኖሩ። «ያስጡት፤ እኔ አለሁ» አሉ። የምናልባት ጅራት የሌለው ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀኑን ሙሉ እያነጠሱ፣ አንድ እጃቸውን የሸራው ጫፍ ላይ፣ ዓይናቸውን ተራራው ላይ ጥለው ተቀመጡ። የቆሙ ደመናዎች፣ ቀይ በርበሬ፣ የሚያንቀላፋ የሚመስል ሽማግሌ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አሁን!» አሉ፤ አራት ሆነን ሸራውን አጠፍነው። አሥራ አንድ ጠብታ ቆጠርኩ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች።

«አሁን ይሄ ዘነበ ይባላል?» አሉ እትዬ ዋጋነሽ።

«በጥቂቱ» አሉ ጋሽ ፈጠነና ራኬብ እኩል።

ማታ በርበሬው ሲነካ ይንኮሻኮሽ ነበር። ስልኩ እርግጠኛ የሆነ ዕለት አጠገቡ የቀረ ሰው አልነበረም። የተጠራጠረ ዕለት ግን አንድ ሰው ተቀመጠ።

ደብተሬ ላይ ክብ ሣልኩና «የምወዳቸው ጎረቤቶች» አልኩት። ውስጡ የጋሽ ፈጠነን ስም፣ አጠገቡም «አንድ፣ ሙሉ» ብዬ ጽፌ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብታደርገው» አሉ። «ቀሪዋን ስትናደድብኝ ትፈልጋታለህ።»