ኮፈን ሲከፈት የሚደርሱት ጋሽ አድማሴ

ኮፈኑ ተከፍቶ ብቻውን የቆመ መኪና በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ኮፈን ከፍ ባለ ቁጥር፣ ከየት መጡ ሳይባል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንገታቸውን ወደ ሞተሩ የሚያሰግጉ አንድ ሰው አይጠፉም። መኪና ኖሯቸው አያውቅም። የማያውቁት ሞተር ግን የለም።

የእንጅባራው ጋሽ አድማሴ ይባላሉ። በጉብዝናቸው ወራት የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ዛሬ ጉልበታቸው ኮርቻ ላይ አልወጣም ስላለ፣ የፈረስ ዕውቀታቸውን ሁሉ ለመኪና አውርሰዋል። የሾማቸው ባይኖርም ሾፌሮቹ «ክቡር የኮፈን ሊቀ መንበር» ይሏቸዋል። ሲደርሱ የሚሉት አንድ ነው፤ «ቆይ፣ አትንካው! መጀመሪያ እንስማው።» ከዚያ የዱላቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቤንዚን ያለቀበትን ባጃጅ እንዲህ አዳምጠው «ጉንፋን ነው» ብለዋል። ጎማው የተነፈሰ የጭነት መኪናም አላመለጣቸውም።

የምክሩ ዶፍ በብዛት የሚወርደው በውብአየሁ ላይ ነው። ውብአየሁ በአሮጌ ፒክአፕ ድንች ወደ ዳንግላ ገበያ እያመላለሰ የሚኖር፣ ድካም ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ዘንድሮ ክረምት መኪናዋ በጠዋቱ ብርድ አልነሣም አለች፤ ስትነሣም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። መካኒኩ አስማረ ፈታትቶ አየና «ኖዝሎቹ ናቸው» አለ። ናፍጣውን እንደ ጉም አብንነው ወደ ሞተሩ መርጨት ሲገባቸው፣ እንደ አሮጌ ጣሪያ ያንጠባጥባሉ። አራቱም ይቀየሩ ተባለ። ጭንቁ ምርጫው ላይ ነበር፤ የማይሆን ኖዝል ከገባ ሞተር ያቃጥላል፣ ሞተሩ ከተቃጠለ ደግሞ ውብአየሁ ሌላ እንጀራ የለውም።

አስማረ ከሱቅ ያስመጣቸውን ሁለት ዓይነት ኖዝሎች ጆንያ ላይ ደረደረ።

«ቀዳዳው ሰፋ ያለውን!» አሉ ጋሽ አድማሴ።

«ጋሼ፣ አሮጌው ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የአዲሱ ቁጥር መግጠም አለበት» አለ አስማረ።

«አንተ፣ ፈረስ ስትገዛ ቁጥሩን ነው የምታየው አፍንጫውን? አፍንጫው ሰፊ የሆነውን ፈረስ ዳንግላ ድረስ ጋልበው፣ አያለከልክም። ይኼም መተንፈሻ ነው።»

«መተንፈሻ አይደለም እኮ፣ መርጫ ነው! ከልኩ ከሰፋ ናፍጣው ይበዛል፤ በቅጡ ሳይነድ ይጨሳል፤ ሲብስ ፒስተኑን ያቀልጠዋል።»

«ውብአየሁ፣ ልጄ፣ እኔን ስማ። ይኼ መካኒክ ዳገት ወጥቶ አያውቅም።»

ውብአየሁ አሮጌውን ኖዝል አንሥቶ ቁጥሩን ከአዲሶቹ ጋር አስተያየ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አስማረ፣ ቁጥሩ የሚገጥመውን አስገባልኝ።»

ጋሽ አድማሴ ዱላቸውን አንሥተው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ሄዱ።

በማግስቱ መኪናዋ ቁልፍ ገና ሲነካት ተነሣች። ጭሱም ጠፋ። ውብአየሁ ይኼኔ እፎይ ማለት ነበረበት። ግን ዘይት ሊያይ ኮፈኑን ሲከፍት ትከሻው ላይ የሚተነፍስ ሰው አጣ። ሽማግሌው አኩርፈው ሾፌሮቹ በሚቆሙበት በኩል ማለፉንም ተዉት። «አትንካው!» የሚለው ሲጠፋ፣ ውብአየሁ ባዶ ቤት የገባ ይመስል እጁ እየፈራ ይነካካል። ያ ሁሉ ዘመን የሰለቸው ድምፅ፣ ለካስ ዳገቱን አብሮት ሲወጣ ኖሯል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መኪናዋን ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ነዳና የጋሽ አድማሴ አጥር ጥግ አቆማት። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ምንም ያልሆነችውን መኪና ኮፈኗን ከፍቶ በእጁ እንደደገፈ፣ አንገቱን ቀብሮ ጠበቀ።

የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ።

«ቆይ፣ አትንካው! መጀመሪያ እንስማው።»

ዱላው ከኋላው መጥቶ ሞተሩ ላይ ዐረፈ። ጋሽ አድማሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ያ የተኮሳተረ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ።

«ሰፊውን አስገባኸው፣ አይደል?»

ውብአየሁ ቁጥሩ የገጠመውን ማስገባቱን ደበቀ። «እንዴት አወቁት፣ ጋሼ?»

«አተነፋፈሱን አትሰማም? ነግሬህ አልነበር!»

«ነግረውኝ ነበር» አለ ውብአየሁ፤ ሽማግሌው ደጋግመው እንዲሰሙም፣ መደገፊያው የተሰበረውን ኮፈን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመ።