ሬ ሞትሱሚ ስለ ፍየላቸው በሸንጎ የቆሙበት ዜና

በዓመተ ሞትሱሚ፣ ይኸውም ባለ ግርማው፣ ባለ ከዘራው ሬ፣ ማለት አቶ፣ ሞትሱሚ በጡረታ ዙፋን በተቀመጡ በአራተኛው ዘመን፣ የሰውን ትዕቢት በፍየል የሚገሥጽ አምላክ በፈቀደ ጊዜ፣ የልጃቸው ሕፃን ወተቷን የሚጠጣላት ፍየል ከበረት ወጥታ ጠፋች፤ የባዘነ ከብት ሰብሳቢዎችም ይዘው በመንደራችን በሞቹዲ ሸንጎ አጥር ሥር አሰሯት። ነጋሪውም፦ «ኧረ ባለ ፍየል! ዛሬ ካልመጣህ ነገ በሐራጅ ትሸጣለች፤ ኋላ እንዳታለቅስብን!» ሲል ዐወጀ።

ወእምድኅረ ዝንቱ ሬ ሞትሱሚ ካፖርታቸውን ደርበው ዘመቱ፤ በቀኛቸው እንደ አንበሳ የሚያስነጥሰው አማቻቸው ሴሎካ፣ በግራቸው ማንም ያልጠራው ውሻ፣ በኋላቸውም ወንበራቸውን ተሸክሜ ይህን የምጽፍ እኔ ኃጥእ ተከተልናቸው። በእኛ በሞቹዲ ሰዎች ልሳን «ፍየል አለኝ» ለማለት የሚሻ ሰው «ከፍየል ጋር ነኝ» ይላልና፣ በሸንጎው መካከል ቆመው፦ «እኔ ሞትሱሚ ከፍየል ጋር ነኝ! አባቴም ከፍየል ጋር ነበር! አያቴም!» እያሉ እስከ ሰባት ትውልድ ዐወጁ፤ እኛም አጨበጨብን።

የሸንጎው ዳኛ አለቃ ሴኮኮም፦ «ሬ ሞትሱሚ፣ አያትዎን እናውቃቸዋለን፤ የጠየቅንዎት ስለ ፍየሏ ነው። መልኳ ምን ይመስላል?» ሲሉ ዐወጁ። ወሶበ ሰምዐ ዘንተ ሬ ሞትሱሚ ወደ ሰማይ፣ ወደ ከዘራቸው፣ ወደ እኔም ተመልክተው፣ «ነጭ ናት፤ ቀንዶቿም እንደ ጨረቃ የተቆለመሙ ናቸው!» ብለው በአባቶቻቸው አጥንት ማሉ። ፍየሏ ከአጥሩ ሥር ታመሰኳ ነበር፤ ጥቁር ነበረች፤ ቀንድም አልነበራትም። ሸንጎው በሳቅ ተናወጠ፤ ነጋሪውም ሳይታዘዝ፦ «ከፍየል ጋር ነኝ ያሉት አባት፣ ለመሆኑ መቼ ተያይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል ዐወጀ።

በዚያች ሰዓት ባለቤታቸው ማ ሌሴጎ ማለቢያቸውን ይዘው ደረሱ። አልማሉም፤ ትውልድም አልቆጠሩም። ፍየሏ ግን ገመዷን እስከ መጨረሻው ስባ የሻላቸውን ጫፍ ታኝክ ጀመር፤ እርሳቸውም፦ «ነይ አንቺ ቀላዋጭ! ሕፃኑ እያለቀሰ ነው» አሏት። አለቃውም፦ «ከፍየሏ ጋር ያሉት እሳቸው ናቸው! ፍየሏ የማ ሌሴጎ ናት፤ ሬ ሞትሱሚም ገመዱን እንዲይዙ ተፈቅዶላቸዋል!» ሲሉ ፈረዱ።

እንግዲህ ድፍረታቸው ከዕውቀታቸው የሚበልጥ፣ የጥቁሪቱ ፍየል ገመድ ያዥ ሬ ሞትሱሚ በክብር ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ስማቸው ለልጅ ልጅ ይጠራ። እኔም ኃጥእ ቤቴ ገብቼ የላማችንን መልክ ቀስ ብዬ ሚስቴን ጠየቅኋት፤ እርሷም፦ «የትኛዋን ላም? አምና ሸጠናት የለም እንዴ!» ስትል ለጎረቤት ሁሉ ዐወጀች። ማለዳ ተነሥተው ወደ በረት ለሚወርዱ ሴቶች ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለእኛ ለባለቤቶቹ ግን ምሕረት፤ አሜን።