የተማረ ሰው የሸክላ ማጫወቻ ሲመርጥ

«የሸክላ ድምፅ ይሞቃል» ይላሉ። አይሞቅም! ሙቀት የፈለገ ሰው ወንዛዬ ሄዶ ፍልውሃ ይግባ። ሸክላ የሚሰጣችሁ መንጣጣት ነው፤ ሽምብራ ሲቆላ የምትሰሙት ዓይነት። ሰዎች ግን ያንን መንጣጣት አጥርተው ለመስማት ደመወዛቸውን ያፈሳሉ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ የመስደብ መብት አለኝ።

ወረታ ያለው ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አለኝ። ፍጥነቱ እንደ መብራቱ ነው። መብራት ሲደክም ሴቷ ዘፋኝ ጎርናና ሽማግሌ ትሆናለች፤ መብራት ሲበረታ ደግሞ ሽማግሌው ዘፋኝ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ዲያቆን ይሆናል። «ይህማ በተሻለ መቀየር አለበት» አልኩ። እናንተ ብትሆኑ አንዱን ገዝታችሁ ትገላገሉ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ... ማጥናት ጀመርኩ።

ማጥናት ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ላስቲክ ያዙረው ወይስ ሞተሩ ራሱ? መርፌውን የያዘው ክንድ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ የታጠፈ? ባሕር ዳር ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ በየሳምንቱ እየደወልኩ አሰቃየው ጀመር።

«በላስቲክ የሚዞረውን ግዛ» ይለኛል።

«ላስቲኩ ቢላላስ?»

«እንግዲያው በሞተር የሚዞረውን ግዛ።»

«ሞተሩ ቢያጉረመርምስ?»

«እንግዲያው አርፈህ ራስህ ዝፈን!»

ቀጥሎ ደግሞ ማጫወቻው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፍጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት የሚል አነበብኩ። ሳቅሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ሜዳነት ምን ያሳስበዋል? ክረምት ላይ ውሃው ራሱ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሩዙ ውስጥ የሚከርምበት አገር እኮ ነው! ለማንኛውም ከአንድ ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ ጠረጴዛዬ ላይ ባስቀምጠው... አረፋዋ ሮጣ ጥግ ያዘች። ዋልካው አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቤቴ ከነጠረጴዛው ወደ ጣና አዘንብሏል። መፍትሔው ከማጫወቻው ሥር ከባድ ጠፍጣፋ ነገር ማስቀመጥ፣ ያንንም በስስ እንጨት እየደገፉ ማስተካከል ነው ተባለ።

በገበያ ቀን እማማ ጥሩዬ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ጥሩዬ ጋንና ድስት የሚሠሩ፣ ሰባን ያለፉ የሸክላ ባለሙያ ናቸው።

«እማማ፣ ወፍራም ጠፍጣፋ ነገር ይሥሩልኝ። የሸክላ ማጫወቻ ላስቀምጥበት ነው።»

«ሸክላማ እኔም አለኝ» አሉ።

ፈገግ አልኩ። የተማረ ሰው ፈገግታ ታውቁ የለ? «አይ እማማ፣ እኔ የምለው ሸክላ ሌላ ነው። ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ዘፈን አለበት...»

«መሐሉ የተበሳ?»

«እ... አዎ።»

«እኮ! እሱን ነው አለኝ የምልህ። አንተ ልጅ፣ ሸክላን ለእኔ ልታስረዳኝ ነው?»

በሚቀጥለው ገበያ ጠፍጣፋውን ሠርተው አመጡልኝ። እሳቸው አያጠኑም፤ ይሠራሉ። በሌላ እጃቸው ደግሞ በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ሸክላ ይዘዋል። ታናሽ ወንድማቸው ታየ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዘፈን፣ ፊትና ጀርባ፣ አስቀረጸ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እማማ ጥሩዬ ሸክላውን የሰሙት ድሮ፣ ማጫወቻ የነበረው ጠጅ ቤት ሳይዘጋ ነው።

«ፎቶ እንኳ የለውም» አሉኝ። «የቀረው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ያን ዕለት ያሰማኋቸው መሰላችሁ? ምን በወጣኝ! «እማማ፣ የእኔ ማጫወቻ መርፌ ከባድ ነው፤ ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። አዲሱን እስክመርጥ ይታገሡኝ» አልኩ። ሸክላውን እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ። ምክንያቴ እውነት ነበር። እውነተኛ ምክንያት ደግሞ እንደ እኔ ላለ ሰነፍ እንደ ጋቢ ይመቻል።

ሁለት ክረምት አለፈ። ገበያ በመጡ ቁጥር በደጄ ያልፋሉ።

«መረጥህ?»

«አልመረጥኩም፣ እማማ።»

«ምነው፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?»

ባለቤቴ ከጓዳ ትቀበላቸዋለች። «ኧረ እማማ፣ እኔንማ እንዲህ ቢያጠናኝ ኖሮ እስካሁን አባቴ ቤት ነበርኩ!»

ባለፈው ሳምንት መጡና «መረጥህ?» ብለው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ። የተለመደውን መልሴን ደጋገምኩላቸው።

«ጮክ በል። ግራው ጆሮዬ ዘግቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ያ የምትገዛው ዕቃ በአንድ ጆሮ ያሰማል?»

የግራና የቀኝ ድምፅ ማጉያ እኩል መሆናቸውን ለማረጋገጥ አንድ ወር ሙሉ ያነበብኩት ሰውዬ እንዲህ አልኩ፦ «ያ... ያሰማል፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ግማሹን ግዛው!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እሳቸው እንደሄዱ «ይረሰው! መርፌው እንደፈለገ ይረሰው!» ብዬ አሮጌውን ማጫወቻ ከቁም ሣጥን ጀርባ ጎተትኩት። ክዳኑን ስከፍት ሳህኑን የሚያዞረው ላስቲክ የለም።

«ላስቲኩ የት ሄደ?» ብዬ ጮህኩ።

«የቱ? ያ ጥቁሩ?» አለች ባለቤቴ። «የሩዙን ጆንያ አሰርኩበት። ልትጥለው አይደል እንዴ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ከጆንያው ፈትቼ መለስኩት። እንደ አሮጌ ካልሲ ላልቷል። ሞተሩ ይዞራል፣ ሳህኑ ይገተራል። የራሴን ሸክላ ጭኜ በጣቴ ባዞረው ዘፋኟ እንደታመመች ላም አቃሰተች። የእማማ ጥሩዬ ወንድም ደግሞ ከነነጠላው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባሕር ዳር ደወልኩ። «ላስቲኩም ሆነ አዲሱ ማጫወቻ ቢታዘዝ ወራት ይፈጃል» አለኝ ወዳጄ። የእማማ ጥሩዬ ጆሮ ወራት ይቆየናል ብሎ የሚምል ሰው አላገኘሁም።

ስለዚህ እናንተ! ከመሐላችሁ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ አልጋው ሥር አቧራ የሚያስጠጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለመጪው ገበያ ወረታ ይዛችሁልኝ ኑ። የፋብሪካውን ስም አትንገሩኝ። ላስቲክ ይሁን ሞተር አትንገሩኝ። ይዛችሁ ኑና አዙሩልኝ።