ለችግኝ የታዘዘ ነፋስ

ታላላቅ ሥራዎች በላብ ይጀመራሉ ይባላል። የመሥሪያ ቤታችን ታላቅ ሥራም የተጀመረው በላብ ነው፤ የዋና ኃላፊያችን ሸሚዝ ብብቱ ሥር ረጥቦ በታየ ቀን።

ኃላፊው የቲማቲም ችግኝ የሚፈላበትን ግሪንሃውስ ሊጎበኙ ገብተው ነበር። ግሪንሃውስ በላስቲክ የተሸፈነ ቤት ነው፤ የኛው ግን ከቤትነት ይልቅ ወደ ድስትነት ያደላል። ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ችግኞቹን የሚያፈሉት ሴት የኃላፊው አክስት ናቸው። ቅጥራቸው በውድድር ስለመሆኑ ኃላፊው ራሳቸው ማረጋገጫ ሰጥተዋል፤ ሌላ ተወዳዳሪ አለመቅረቡ የማንም ጥፋት አይደለም።

"አንተ ልጅ፣ እነዚህ ነገሮች ሊሞቱብኝ ነው" አሉ አክስትየዋ። "የሰፈሩ ሰው ዝናብ ሳይገባ ችግኝ ይሰጡናል ብሎ ጓሮውን ቆፍሮ እየጠበቀ ነው።"

"በሥራ ሰዓት 'አንተ ልጅ' አይባልም ብያለሁ።"

"እሺ ክቡር ኃላፊ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ሳይቀልጥ ይውጡ።"

ኃላፊው ግን ከመውጣታቸው በፊት ራዕይ ታያቸው። "በፀሐይ የመጣ በፀሐይ ይመለሳል!" አሉ። እሾህን በእሾህ ካሉት አባቶች በምን ያንሳል? አባባሉ በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቀለ።

ሥራው ለመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪሽያን ተሰጠ። ቅጽል ስሙ "ነገ" ነው፤ መቼ ትጨርሳለህ ሲሉት የሚሰጠው መልስ ስም ሆኖ ቀረለት። በዚህ ጊዜ ግን ተአምር ሠራ። ከደጅ የሶላር ሰሌዳ ተከለ፤ በአንዱ ጫፍ አየር የሚያስገባ፣ በሌላው ሙቀት የሚያስወጣ ማራገቢያ ገጠመ። ፀሐይዋ በከረረች ቁጥር ማራገቢያው ይብስበታል። ችግኞቹ ቀና አሉ። አክስትየዋ ደስታቸው ቢበዛ የኤሌክትሪሽያኑን ግንባር ሳሙት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ባልጻፍኩ፣ እናንተም ባላነበባችሁ። ልማት ግን ባለበት አይቆምም።

የምረቃው ዕለት ኃላፊው ሪባን ሊቆርጡ ጎንበስ ሲሉ ነፋሱ ማጅራታቸውን ዳሰሳቸው። የቢሯቸው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ነክቷቸው አያውቅም። ንግግሩ አለቀ፣ እንግዳው ተበተነ፣ እሳቸው ግን እዚያው ቀሩ።

"ክቡር ኃላፊ፣ ውሃ ላጠጣ ነበር" አሉ አክስትየዋ።

"ያጠጡ፣ ያጠጡ። እኔ ክትትል ላይ ነኝ።"

ለክትትሉ ወንበር መጣ። ወንበር ያለ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ ያለ ጸሐፊ፣ ጸሐፊም ያለ ምክትል ኃላፊ እንደማይሆን የታወቀ ነው። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ወደ ግሪንሃውሱ "መስክ ወጣ"። ለማራገቢያው መቅረብ በማዕረግ ሆነ። ምክትሉ ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ነፋሱ በማስጠጋታቸው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተቋቋመባቸው።

ቦታውን ያጣበቡት ችግኞቹ ብቻ ነበሩ። ጭቃቸውም ጫማ ይነካል። ስብሰባ ተጠራ።

"ይህ ሥር የሰደደ ችግር ነው" አሉ ምክትሉ።

"እንግዲያው ይዛወር" አሉ ኃላፊው።

ችግኞቹ በጊዜያዊነት ባዶ ወደ ቀረው የኃላፊው ቢሮ እንዲዛወሩ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

"አንተ ልጅ!" አክስትየዋ የሥራ ሰዓት መሆኑን ረሱት። "ያ ቢሮ ምድጃ አይደል እንዴ? አንተው ራስህ አይደለህ ሸሽተህ የመጣኸው?"

"አክስቴ፣ ለቲማቲም እኮ ይህ ሹመት ነው።"

አክስትየዋ ወደ ኤሌክትሪሽያኑ ሄዱ። "ልጄ፣ እዚያም አንዲት ማራገቢያ ግጠምላቸው፣ በሞቴ።"

"ነገ" አላቸው። እሱም ለጥገና እንዲመች ተብሎ ከነፋሱ ሥር ወንበር ደርሶት ነበር።

ችግኞቹ ደረቁ። አንዳቸውም ቅሬታ አላቀረቡም፤ ይህም በሪፖርቱ ላይ የመልካም አስተዳደር ውጤት ተብሎ ሰፈረ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር የሰፈሩ ሰው የችግኝ መያዣ እቃውን ይዞ በሩ ላይ ተሰለፈ። ከፊት የቆሙት ሴትዮ፣ የአክስትየዋ የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩአቸው፤ መዳፋቸው ከዶማ ብዛት ውሃ ቋጥሯል።

"እና ምን ብላችሁ አስቆፈራችሁኝ?"

አክስትየዋ ዓይናቸውን ከጎረቤታቸው መዳፍ ላይ ማንሳት አቃታቸው።

በዚያው ሰሞን ከበላይ ገምጋሚ መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ከማራገቢያው ፊት ተቀመጡ። ሪፖርቱ ሲነበብላቸው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፤ ጸሐፊዋ ይህን በዝምታ የተሰጠ ድጋፍ ብላ መዘገበችው። ሲነቁ ዙሪያውን ቃኙ።

"ድንቅ ሥራ ነው። ግን... ችግኞቹ የታሉ?"



"በሁለተኛው ምዕራፍ ይካተታሉ" አሉ ኃላፊው።

"ጥሩ። እንግዲህ ለነሱም እንደ እናንተ ደህና ቢሮ ይታሰብላቸው።"

"ኧረ ቢሮማ አላቸው ጌታዬ" አሉ አክስትየዋ ከበሩ ላይ። "ቢሮ ገብተው ነው የደረቁት።"

ኃላፊው ክው አሉ። ምክትሉ መሬት መሬት አዩ። ገምጋሚው ግን አክስትየዋን በሐዘኔታ ተመለከቷቸው።

"ቢሮ ገብቶ ያልደረቀ ማን አለ እናቴ?" አሉና፣ ወንበራቸውን ወደ ነፋሱ እንዲያስጠጉላቸው አዘዙ።