ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣ ባዶ

በዚህ ቤት የእኔ ቃል የሚታመነው ዝናብ ሊመጣ ነው ስል ብቻ ነው፤ ያውም ወጥተው ሰማዩን አይተው ይመለሳሉ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ የጣሉትን ደብተር እያነሳሁ ነው። ስለዚህ የተማሩ ሰዎች ያከናወኑትን ታላቅ ሥራ የምመሰክረው እኔው መሆን አለብኝ፤ ሌሎቹ ሁሉ በሥራው ላይ ነበሩ።

ልጄ በመሥሪያ ቤቱ የንብረት መምሪያ ኃላፊ ነው። ቤቱንም እንደ መምሪያው ያስተዳድረዋል። ወንበሩም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የእኔ ሳጥንም ቁጥር ተለጥፎባቸው በመዝገብ ሰፍረዋል። እኔ ላይ እስካሁን አልተለጠፈም። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት ንብረት ተብዬ ይሆናል።

ይህ የአርባ ስድስት ዓመት ኃላፊ ከሥራ ሲመለስ በጌም ማጫወቻው ኳስ ይጫወታል። ሐኪም ለጭንቀት አዞልኝ ነው ይላል፤ ሐኪሙን አላየሁትም። ማጫወቻው ሞልቶ አዲስ ጨዋታ አልቀበል ሲለው መዝገቡን ገለጠና «ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣ ጥቁር ሃርድ ዲስክ፣ ባዶ» የሚል አገኘ። ዲስኩን ከቁም ሳጥን አወጣው።

አርባ አንድ ባዶ አይደለም። የሟቹ ባሌ ድምፅና ምስል ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ልጄ በስልኩ የቀረጸው፣ እህቱ የሰበሰበችው፣ ሌላ የትም የሌለ። እንዳይምታታብኝ ነጭ ክር ያሰርኩበትም እኔ ነኝ።

«ይሄ የአባትህ ነው» አልኩት።

«የአባባ አርባ ሁለት ነው እማዬ። መዝገቡ ላይ አለ።»

«ክረምት ላይ ቁጥሮቹ በእርጥበት ረግፈው መልሰህ ስትለጥፍ አምታተኸዋል። ክሩን እየው።»

«ክር ማስረጃ አይሆንም።»

ጌም ማጫወቻው ግን ከመዝገቡ ጋር አልተስማማም። ዲስኩ መብራቱ በራ፣ ሞቅ ሞቅ አለ፤ ስክሪኑ ግን የተገኘ ዲስክ የለም አለ።

ምክንያቱን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ልጄ ጫፉ ስለገጠመለት ብቻ የሰካው ሽቦ የእኔ የእጅ ባትሪ መሙያ ነው። ያ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያጎርሳል እንጂ ወሬ አያደርስም፤ ሴት ልጄ ከስልኬ ፎቶ ልትገለብጥበት ሞክራ እምቢ ሲላት ነግራኛለች። የዲስኩ የራሱ ሽቦ ሳጥኔ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብናገር ዲስኩ ይታወቃል። ከታወቀ ለጨዋታ ቦታ ይለቃል፤ ባሌም ይጠረጋል። ስለዚህ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። ሴት ልጄ ለሥራ ርቃ ሄዳ ቅዳሜ ነው የምትመለሰው።

እኔ ዝም ባልኩበት ሳምንት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ልጄ፣ ጸሐፊው የሴት ልጄ ባል የመንገድ መሐንዲሱ፣ የቴክኒክ አማካሪው ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረቤታችን ሊቁ ነው። ሊቁ ይህን ስም ያገኘው ያልተጠየቀውን በመመለስ ነው።

ሰኞ ዕለት ማጫወቻውን አጥፍተው አበሩት። «የማጥፋትና የማብራት ሥራው በታቀደለት ጊዜ ተጠናቋል» ተብሎ ተጻፈ። ማክሰኞ መሐንዲሱ ጠረጴዛው ተዳፋት እንዳለው ደረሰበትና በእግሩ ሥር ካርቶን ተደረገ። ረቡዕ ሊቁ የዲስኩን አፍ በሽቶ ወለወለ። ዲስኩ ሸተተ እንጂ አልታወቀም።

«ሽቦውስ?» አለ መሐንዲሱ በመሃል።

«ሽቦ ሽቦ ነው» አለ ሊቁ።

እውቀት እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም።

ሐሙስ ኮሚቴው ጥናቱን አጠናቆ ዲስኩ «የመተባበር ፍላጎት እንደሌለው» አረጋገጠ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሊቁ ወደ ሱቁ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ውስጡን ጠርጎ ሊያጥበው ተወሰነ። እስከዚያው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ ከሰብሳቢው ኪስ ገባ።

«ሲታጠብ ውስጡ ያለውስ?» አልኩ።

«ባዶ ዲስክ ምን ይኖረዋል እማማ?» አለ ሊቁ።

«ባዶ ከሆነ ምኑ ይታጠባል?»

መሐንዲሱ መጻፉን አቆመ።

«ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አለ ልጄ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ሴት ልጄ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውንም አስጨበጥኳት። ሊቁ የሚወስድበትን ከረጢት ይዞ ሳሎን ተቀምጧል።

«መሳቢያውን ክፈተው» አለችው ወንድሟን።

«ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል እኮ።»

«ከፍተን እንየው። ባዶ ከሆነ ሊቁ ሻንጣዬንም ጨምሮ ይውሰደው።»

ልጄ ሊያሳፍራት ብሎ ከፈተ። እሷም ዲስኩን በራሱ ሽቦ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ወዲያው ታወቀ።

«ጠረጴዛው ስለተስተካከለ ነው» አለ ሊቁ። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ።

ስክሪኑ ላይ ባሌ ሸሚዙ በውኃ ርሶ፣ ጉጠት ይዞ፣ የፈነዳ ቧንቧ ሥር ተንበርክኳል። ድምፁን ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው። ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከካሜራው ጀርባ የልጄ ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ልርዳህ?»

«ተው፣ እንዳትነካ» አለ ባሌ። «እናትህን ጥራልኝ። የት ጋ እንደሚዘጋ የምታውቀው እሷ ናት።»

ሊቁ ከረጢቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እማዬ» አለ ልጄ ቀስ ብሎ፣ «ሽቦው መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? አሁን ተነስና ይሄን ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ገልብጥልኝ፤ አንዱ እህትህ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ቁጥር እንዳትለጥፍባቸው። ይሄ ሳያልቅ ያንን ጌም ስትከፍት እንዳላይህ። ከዚያ በፊት ግን አባትህን ከመነሻው መልሰህ ክፈትልኝ፤ ድምፁንም ጨምረው።»