የፍሬው ሙቀጫ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ለወንድ ልጅ የረባ ሥራ የለም። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ መጥቶ የተቀመጠውን ያስለቅሳሉ፣ ደግሞ ተመልሰው ይከትፋሉ። ወንዱ ድንኳን ይተክላል። ድንኳኑ ከቆመ በኋላ ግን በቃ፣ ሥራ ፈት ነው፤ ካርታ ይጫወታል፣ ስለ ኳስ ይከራከራል፣ ሲስቅ ይያዝና ፊቱን ያጠቁራል። ድንኳኑ በተነሳ ማግሥት ሴቶቹ ሐዘናቸውን ግማሽ አድርሰውታል፤ ወንዱ ገና ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶታል። ያን ጊዜ ነው ፒንሳ የሚፈልገው። የማያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፣ የሚበራ አምፖል ይፈታታል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ?

መነኩሴውስ ቢያንስ የሰፋው ያንኑ ቆብ ነው። እኔ ቀድጄ የሰፋሁት ሌላ ቆብ ሆኖ ወጣ።

የቀደድኩት የታላቅ ወንድሜን ሞተር ሳይክል ነው። ፍሬው ይባላል፤ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። በሞተር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሞተር ነጂ ሞተ ሲባል ሰው ሁሉ «የት ነው የተገጨው?» ስለሚል ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ እንደዚያ ይለኝ ነበር። አልጋው ላይ፣ ካልሲውን እንዳደረገ ነው የሞተው ስል ያልተማረ ስለሆነ ተሳስቶ ነው በሚል ዐይነት ያዩኛል። ኩላሊትን ለማወቅ ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል?

ሞተሯ የገጠር ሞተር ነች። እግሯ ረጅም፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ድንጋይ ለመዝለል የተፈጠረች። አንድ ገጠር ለገጠር ይዞርባት የነበረ መሥሪያ ቤት አሮጌ ነች ብሎ በጨረታ ሲጥላት ፍሬው አነሳት። ከዚያ ከደምበል ባምቢስ፣ ከባምቢስ ሰንጋ ተራ ፖስታና ዕቃ ሲያመላልስባት ኖረ። ተራራ ልትወጣ የተወለደች ፍጥረት የቢሮ ወረቀት ተሸክማ አረጀች። እንደ ብዙዎቻችን ማለቴ ነው።

ያረጀችው ደግሞ ከውስጥ ነው። ሞተር ሆድ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት አለ፤ ሲሊንደር በሚባል ጉድጓድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል። በሁለቱ መሐል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከአንዲት ፀጉር መቅጠን አለበት። የፍሬው ግን ፀጉር ሳይሆን ጎፈሬ ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ ግድግዳውን ይመታል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሌላው ሞተር ሲሞቅ ይተወዋል፤ የእሱ ሙቀትም አላስተማረውም። የሰፈሩ ሰው ስም አወጣለት፤ «የፍሬው ሙቀጫ»። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄማ ሰምተው ዝም አይሉም፤ «አስካለ! ልጅሽ በርበሬውን አድቅቆ መጣልሽ!» ብለው በአጥሩ ላይ ይጮኻሉ። አስካለ እናቴ ነች።

እማዬ ለዚያ ድምፅ የተለየ ጆሮ ነበራት። ካዛንቺስ ውስጥ ከእኛና ከአስፋልቱ መሐል የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ የሚከልለው ነገር የለም። ፍሬው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ጀምሮ ትሰማዋለች። የያዘችውን ታስቀምጥና ሄዳ የግቢውን መቀርቀሪያ ትስባለች። ወንድሜ በዕድሜው በራችን ላይ ጥሩንባ ነፍቶ አያውቅም። ሲደርስ በሩ ክፍት ነው፤ ሳይወርድ ይገባል። እኔ ግን ስመጣ አንኳኩቼ፣ ጮኼ፣ አንዳንዴም አጥር ዘልዬ ነው። በዚህ ስቀና ኖሬያለሁ።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ፣ እሱ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠራችኝ። «ብሩኬ፣ ያቺን ሞተር እስቲ አስነሳልኝ። አንዴ ድምጿን ልስማው። ከዚያ ወዲያ ብትሸጧትም ሽጧት» አለች። ከሞተ ጀምሮ የጠየቀችኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

የተሸፈነችበትን ላስቲክ ገፍፌ ረገጥኳት። አልነሳ አለች። ክረምቱን ሙሉ ቆማለች። ቁርጭምጭሚቴ እስኪያብጥ ረገጥኳት፤ እማዬ ደጃፉ ላይ ሆና ጆሮዋን ወደ እኔ አዘንብላ ትጠብቃለች። እስቲ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? በመጨረሻ «ነገ» አልኳት። በማግሥቱ ፈታታሁና ሲሊንደሩን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሰንጋ ተራ ጀርባ ቶርኖ ቤት ያላቸው ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ብረት ይልጋሉ፣ ይቦረቡራሉ፣ ሰው ይሳደባሉ።

አገላብጠው አዩትና «ፋሻው ደርቋል» አሉ። ፋሻ ፒስተኑ እንደ መቀነት የሚታጠቀው ቀጭን ቀለበት ነው። «እሱን ብቻ ቀይረህ ግጠማት፤ ትነሳለች። መንኳኳቷን ግን አትተውም» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? ደረቴን ነፋሁና የወንድሜ ሞተር ከእንግዲህ አትንኳኳም አልኩ። እንደ ፋብሪካዋ ነው የማደርጋት፤ ለእሱ የሚገባው እሱ ነው። ንግግሬ ለራሴም አማረኝ። ጋሽ ከድር «አንተ ካልክ» ብለው ትከሻቸውን ሰበቁ።

ተለቅ ያለ አዲስ ፒስተን ከስንት ሱቅ ለምኜ አገኘሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፒስተኑ ይለካል፣ ከዚያ ጉድጓዱ በእሱ ልክ ይሰፋል፣ ያቺ ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት ተጨምራለት። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በሒሳብ ነው፤ ማለቴ በሒሳብ ምክንያት ነው። ቢሆንም ማይክሮሜትር የሚባለውን መለኪያ ከእጃቸው ተቀበልኩና የፒስተኑን አናት ለካሁ። ጋሽ ከድር ጮኹ፤ «አንተ! ሱሪ የሚሰፋልህ በባርኔጣህ ልክ ነው?» ለካስ ፒስተን ከላይ ቀጠን ብሎ ከታች የሚሰፋ ነገር ኖሯል፤ የሚለካው ከወገቡ በታች ነው። ዝቅ አድርጌ ለካሁ። አሁንም ጮኹ፤ ወደ ጎን ዙር፣ በወፍራሙ በኩል ነው። ዞርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኹ፤ «አስቀምጠው! እንደ ጫጩት አቅፈህ እያሞቅከው ልትለካው? ብረት ሲሞቅ ያብጣል። ጠረጴዛው ላይ ይብረድና ትለካዋለህ!»

እኔ እኮ እንዳቀፍኩት አላወቅኩም ነበር።

በረደ፤ ተለካ። ጋሽ ከድር ሲሊንደሩን ማሽኑ ላይ አሥረው መቦርቦር ጀመሩ። ሲጨርሱ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በቁመትና በአግድም እየለኩ ቁጥር ይጠሩልኛል፣ እኔ እቀንሳለሁ። ሁሉም ጋ ልክ መጣ። በሕይወቴ መልሱ ልክ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሒሳብ ሳይሆን አይቀርም። ፒስተኑን ዘይት ቀብተው ከላይ ለቀቁት፤ በራሱ ክብደት ዝግ እያለ፣ እንደ ቄስ ተራመደ። ጋሽ ከድር ራሳቸው «ማሻ አላህ» አሉ። ከዚያ መጥረጊያ አንስተው ከማሽኑ ሥር የረገፈውን የብረት ብናኝ ጠራርገው ደጅ ደፉት።

ገጠምኳት። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች። አቤት አነሳስ! የልብስ ስፌት መኪና በሏት። እማዬ ቤት ስላልነበረች አጠፋኋትና፣ ነገሩን በወጉ ላድርገው ብዬ፣ አመሻሹን ጠብቄ ባምቢስ ድረስ ነዳኋት። የእሱ ሰዓት ሲደርስ በእሱ መንገድ ተመለስኩ። ከአስፋልቱ ታጠፍኩ። የፈረሱትን ቤቶች አለፍኩ። ድምፁ እንዳያመልጣት ብዬ ነዳጅ ጨመር አደረግኩ። እንግዲህ አሁን ሰምታለች፣ አሁን ተነስታለች፣ አሁን መቀርቀሪያውን ይዛለች እያልኩ ደረስኩ።

በሩ ዝግ ነው።

ሞተሯን ሳላጠፋ ቆምኩ። ጥሩንባ ነፋሁ። «ማነው?» አለች ከውስጥ። እኔ ነኝ አልኩ። መጥታ ከፈተችልኝ። እኔን አየች፣ ከሥሬ የምትሠራውን ሞተር አየች፣ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ አስፋልቱ ትንሽ ተመለከተች። «እሺ፣ እሷንስ መቼ ነው የምታስነሳልኝ?» አለችኝ።

ይቺው ነች እኮ እማዬ፣ ተነስታለች፣ አልኩ። ጎንበስ ብላ ሰማቻት። ነዳጅ መያዣዋ ላይ ያለውን ጭረት፣ ራሷ በጨርቅ የሰፋችውን መቀመጫ በመዳፏ ዳበሰች። በዐይኗ አወቀቻት። በጆሮዋ ግን አላወቀቻትም። «ጥሩ ሞተር ነች፤ ብቻ የፍሬዬ ነች እንዳትለኝ» አለችና ገባች። እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ውይ ብሩኬ፣ ድምጿ እንዴት አምሯል! ሰው የሚያልፍ እኮ አይመስልም!» አሉኝ። ሊያመሰግኑኝ ነው።

በነጋታው ጋሽ ከድር ዘንድ ነኝ። አስፉልኝ አልኳቸው። ምኑን? ክፍተቱን፤ እንድትንኳኳ። በጠዋቱ ጠጥቼ የመጣሁ መሰላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አስተካክልልኝ ሲለኝ ኖሬያለሁ፣ አበላሽልኝ ያለኝ አንተ የመጀመሪያህ ነህ ብለው ሊያባርሩኝ ሲሉ ነገርኳቸው። የበሩን፣ የመቀርቀሪያውን፣ የእማዬን። ጋሽ ከድር የያዙትን ብረት አስቀመጡ። ስድባቸው አለቀ።

«ላሰፋው እችላለሁ» አሉኝ። «ግን ይሄ ማሽን የሚበላው ዙሪያውን እኩል ነው። ወንድምህ የበላው ወደ አንድ ጎን ነው፤ ከመቦርቦሬ በፊት ስለካው አይቻለሁ፣ እንደ እንቁላል አድርጎታል። በአቀበት፣ በጭነት፣ በአነዳዱ ነው እንደዚያ የሆነው። እኔ ባሰፋው የሚወጣው የእኔ ጩኸት ነው እንጂ የእሱ አይደለም።» አሮጌውን ፒስተን ብመልሰውስ? አልኩ። «በምን ግድግዳ? ግድግዳውን እኮ ቦርቡረን አነሳነው።»

እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ ደጁን ነው ያየሁት። ወንድሜ ከዓመት ዓመት በራሱ ልክ የበላውን ብረት፣ ለምኜ አስልጌ፣ በመጥረጊያ አስጠርጌ ደፍቼዋለሁ። ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ቶርኖ ቤት በር ላይ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር ዘይት የነካ ጨርቅ አቀበሉኝ፤ ፊቴን ጠረግኩበትና ይብስ ጠቆርኩ። «ንዳት» አሉኝ። «ሌላ መድኃኒት የላትም። መንገድ ያበላሻታል።»

ይኸው እየነዳኋት ነው። ፍሬው ይሠራ የነበረውን ሥራ ይዣለሁ። ጉድጓድ መርጬ እገባለሁ፣ አቀበት በማይሆን ማርሽ እወጣለሁ፣ የተቆፈረ መንገድ ሳይ ደስ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ማታ በራችን ላይ ስደርስ ጥሩንባ እነፋለሁ፣ እማዬ «ማነው?» ትላለች።

ነገሩ ሲዘገይብኝ፣ በቀደም የቂርቆስ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ተሳልኩ። ሰማዕቱ፣ ይቺ ሞተር ትንሽ፣ ብቻ ትንሽ ትንኳኳልኝ፣ አንድ እስር ጧፍ አስገባለሁ አልኩ። ስንመለስ እማዬና እትዬ ብርቄ ከፊቴ እየሄዱ ያወራሉ። እማዬ «ለፍሬዬም በየዓመቱ ተስዬ ሰምቶኛል፤ ሞተር አልገደለውም» ስትል ሰማሁ። ስለ ኩላሊቱ አልነገርሽውም እኮ ልላት አፌ ደርሶ መለስኩት። «አሁን ደግሞ ለዚህኛው ተስያለሁ» አለች፤ «ያቺ ሞተር ከልጄ ሥር ኮሽ ሳትል ዓመቱን ካደረሰልኝ ጥላ አስገባለሁ ብዬዋለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ቤት፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ታቦት። በእሷ በኩል ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ፣ በእኔ በኩል አንድ እስር ጧፍ።

ሞተሯ እስከ ዛሬ ኮሽ አላለችም።